ስለ ማሪያ ካላስ የመጀመሪያ ሸክላዎች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሶፕራኖዋ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት የኦፔራ ዘፋኝ) ማሪያ ካላስ ቀደምት ቅጂዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ሽፋን ላይ የምታዩት የታተመበትን ዓመት ሊሆን ስለሚችል የተቀዳበትን ፈልጉ። የ1949 ድምፅዋና የ1964 ድምፅዋ አንድ አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የተቀዳችው ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን እየጠበቅኩ ነበር። ኖቬምበር 1949፣ ቱሪን፣ ቼትራ ለሚባለው ኩባንያ። በደቂቃ 78 ዙር የሚሽከረከሩ ሦስት ሸክላዎች ናቸው። ኦርኬስትራውን የመራው አርቱሮ ባዚሌ ነው። ከጣልያናዊው አቀናባሪ ቤሊኒ ኦፔራ «ኖርማ» «ካስታ ዲቫ» የሚባለው ዜማ አለ። ከዚያው ከቤሊኒ «ኢ ፑሪታኒ» አእምሮዋን የሳተችው ኤልቪራ የምትዘፍነው አለ። ሦስተኛው የጀርመናዊው አቀናባሪ የቫግነር ገጸ ባሕሪ ኢዞልዴ የመጨረሻ ዜማ ነው፤ ያውም በጣልያንኛ።

እስቲ ልብ በሉ። የቫግነርን ሴት የምትዘፍን ድምፅዋ ያን ሁሉ ኦርኬስትራ አልፎ መሰማት አለበት። የቤሊኒዋ ኤልቪራ ደግሞ ፈጣኖቹን ኖታዎች እንደ ዶቃ አንድ በአንድ መደርደር አለባት። ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የሚዘፍኑት የተለያዩ ሴቶች ናቸው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ካላስ ቬኒስ ውስጥ የቫግነሯን ብሩንሂልዴ እየዘፈነች ሳለ ኤልቪራ ልትሆን የነበረችው ማርጌሪታ ካሮዚዮ ታመመች። የኦርኬስትራው መሪ ቱሊዮ ሴራፊን ካላስን አስገባት። ሚናውን በቀናት ውስጥ አጥንታ ዘፈነችው። ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበረች! ሦስቱን ሸክላዎች በተከታታይ ስሙና ሁለቱንም ዓይነት ድምፅ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ በልጅነቷ አሜሪካ ሬዲዮ ላይ የዘፈነችውስ?

መልስ፦ «ኒና ፎሬስቲ» በሚል ስም የቀረበችውን የ1935ቷን ልጅ ማለትህ ነው። ካላስ መሆኗ አልተረጋገጠም። እኔ አልቆጥረውም።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያዋን ልዕልት አይዳን ዘፍናለች?

መልስ፦ እንዴታ! ሚላን ያለው ኦፔራ ቤት ላ ስካላ መጀመሪያ የገባችውም በቬርዲ ኦፔራ በ«አይዳ» ነው። ኤፕሪል 1950፣ የታመመችውን ሶፕራኖ ሬናታ ቴባልዲን ተክታ። እኔ የምወደው ግን የ1951ዱ የሜክሲኮ ሲቲ ቅጂ ነው። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ የአይዳ አባት አሞናስሮ ተማርኮ ቆሟል፣ ሕዝቡ በሙሉ ይዘምራል፣ ካላስ ከሁሉም በላይ ኢ ፍላት በሚባል በጣም ከፍ ያለ ኖታ ላይ ትወጣለች። ቬርዲ ያንን ኖታ አልጻፈውም። አዳራሹ ግን ይናወጣል። በ1955 ሴራፊን እየመራት ስቱዲዮ ስትቀዳው ግን ያ ኖታ የለም። ለዚህ ነው የተቀዳበትን ዓመት እዩ የምለው። የሜክሲኮው የመድረክ ቅጂ ስለሆነ ጥራቱ ደካማ ነው፤ ታገሡት።

ሌላ አባል፦ አይዳ ከተባለ ቴባልዲ ናት። የ1952ቱን ስሙ።

ሌላ አባል፦ ቴባልዲ ድምፅዋ ያምራል፣ ካላስ ግን ገጸ ባሕሪዋን ራሷን ትሆናለች።

ሌላ አባል፦ ማማር ነውር ሆነ እንዴ?

መልስ፦ ሁለቱንም እወዳለሁ። እባካችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጥሩውን ቅጂ ንገረን።

መልስ፦ የየትኛውን ኦፔራ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። አንድ ብቻ ካላችሁኝ የ1953ቱ «ቶስካ»። ቪክቶር ደ ሳባታ መርቶት፣ ዘፋኞቹ ዲ ስቴፋኖና ጎቢ አብረዋት።

ጥያቄ፦ ድምፅዋ የተበላሸው ስለከሳች ነው? ኦናሲስስ?

መልስ፦ ስለ ሰውነቷና ስለ ፍቅሯ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ካርመንን መድረክ ላይ ዘፍናለች?

መልስ፦ በፍጹም። 1964፣ ስቱዲዮ ብቻ።

ጥያቄ፦ የሸክላ ኩባንያው ኢኤምአይ በ1955 «ላ ትራቪያታ»ን ሲቀዳ ለምን እሷን ተወ?

መልስ፦ ይኼ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በ1953 ለቼትራ ቀድታው ነበር። በውሉ ምክንያት ለሌላ ኩባንያ ቶሎ መድገም አልቻለችም። ስለዚህ አንቶኒዬታ ስቴላ ተቀዳች። ካላስ ግን በዚያው ዓመት ላ ስካላ ላይ ካርሎ ማሪያ ጁሊኒ እየመራት የ«ላ ትራቪያታ»ን ዋና ሴት ቪዮሌታን ስትዘፍን የተቀዳ የመድረክ ቅጂ አለ። ለቼትራ ከቀዳችው ጋር አስተያዩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሚናውን ምን ያህል እንዳጠለቀችው ትሰማላችሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፤ የመጀመሪያ ቅጂዋ የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ አለ እኮ! ቱሪን፣ 1949። ከኢዞልዴ ጀምሪ።