ደሴ ሸዋ በር ስላለው ሴፍቲ ታንክ ለጠየቅሽው፦ ሐምሌን አትጠብቂ

ሰላም እህቴ። «አምና ሐምሌ ሴፍቲ ታንኩ ሞልቶ ግቢው ላይ ፈሰሰ፤ ዘንድሮ ክረምቱ እንደገባ ላስመጥጠው ወይ?» ብለሻል። አብሽሪ፣ ገና ሚያዝያ ነው፣ ጊዜ አለሽ። ግን ክረምቱ እስኪገባ አትጠብቂ። ማስመጠጥ ካስፈለገ ግንቦት ላይ ነው፣ የበልጉ ዝናብ አባርቶ መሬቱ ሲደርቅ።

ታንክ ሙሉ መሆኑ በራሱ ችግር አይደለም። በደንብ የተሠራ ታንክ ሁልጊዜም እስከ መውጫው ቱቦ ሙሉ ነው፤ የገባውን ያህል ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ፣ ማለትም ፍሳሹ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት፣ ይወጣል። ክረምት ላይ እምቢ የሚለው ማስረጊያው ነው፣ ዙሪያው ያለው አፈር ዝናብ ጠጥቶ ስለሚጠግብ። ሐምሌ ላይ ብታስመጥጪው በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። በደረቅ ድንጋይ የተካበ ጉድጓድ ከሆነማ የባሰ ነው፦ ከውስጥ የሚደግፈው ፍሳሽ ሲወጣ ከውጭ የረጠበው አፈር ገፍቶ ካቡን ይንደዋል። ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር የፕላስቲክ ታንከር የቀበራችሁም አንብቡ፤ በክረምት ባዶ ካደረጋችሁት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ቱቦውንም ይሰብረዋል።

1. መጀመሪያ ለኪ። ረጅም እንጨት ጫፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ እስከ ወለሉ አውርጂ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይተሽ አውጪው። ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር ዝቃጭ ከላይ ከተንሳፈፈው ቅባት ጋር ተደምሮ የፈሳሹን ጥልቀት ሲሶ ካከለ፣ ማለትም በ1.50 ሜትር ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ማስመጠጥ ነው። ካልደረሰ ብርሽን ለሚቀጥለው ያዢው።

2. የጣሪያ ውሃ። የአምናው ጣጣሽ መነሻ ይኸው ይመስለኛል። አሸንዳ ማውረጃውን ቀጥታ ከማንሆሉ (ከታንኩ የላይ መክፈቻ) ጋር የሚያገናኙ ቧንቧ ሠራተኞች አሉ፣ ቦይ መቆፈር ሰልችቷቸው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,000 ሊትር ነው። ታንክሽ 2 ሜትር በ1.50፣ ጥልቀቱም 1.50 ቢሆን የሚይዘው 4,500 ሊትር ነውና ሁለት ከባድ ዝናብ ሊያጥበው ምንም አይቀረው። ውሃው ብቻውን ቢሄድ ጥሩ ነበር፤ የተኛውን ዝቃጭ አማስሎ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል። የማስረጊያው ጠጠር አንዴ በዝቃጭ ከተደፈነ ቆፍሮ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም፣ ወጪውም ያኔ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ሰው አሸንዳው ላይ ባልዲ ውሃ ያፍስስ፣ አንቺ ማንሆሉን ከፍተሽ እዪ። ውሃው እዚያ ከመጣ ማገናኛውን አስቆርጠሽ ቀሪውን ቀዳዳ አስደፍኚ። ደሴ ተዳፋት ናት፣ ከላይ ካለው ግቢ የሚወርደውም አለ፤ ከታንኩ በላይ በኩል ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ አስቆፍሪ። መጨረሻው የመንገዱ ቦይ ይሁን እንጂ የታችኛው ጎረቤት ግድግዳ እንዳይሆን፤ የጠብ ዋና ምንጭ እሱ ነው።

3. የማንሆሉን አንገት ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ በብሎኬት አስገንቢ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አስለስኚ። ሶሌታው ተሰንጥቆ የዛገ ፌሮ ከታየ ሰው እንዳይቆምበት አጥሪው። የመምጠጫ መኪናውን ነገርም እዚሁ ልጨርሰው፦ መኪናው ከሚቆምበት እስከ ማንሆሉ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተሽ ስትደውዪ ንገሪያቸው፣ የጉድጓዱን ጥልቀትም ጨምሪ። ካልነገርሻቸው መጥተው «ቱቦው አይደርስም» ብለው ይመለሳሉ፣ ነዳጁን ግን ያስከፍሉሻል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ስልኩ ቢነሳ እንኳ «ወረፋ ያዙ» ነው፣ ያውም በቁጣ፤ ወረፋው ሲደርስ ዳገቱ ጭቃ ሆኖ መኪናው አይወጣም። ግንቦት ላይ እነዚያው ሰዎች ማር ናቸው።

በሚመጠጥበት ቀን መውጫው ላይ ያለው ቲ (የ«T» ቅርጽ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) መኖሩን አረጋግጪ። የታችኛው እግሩ ከፈሳሹ ወለል በታች ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ወድቆ ከሆነ ቅባቱ በቀጥታ ወደ ማስረጊያው እየሄደ ነው። በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይተካል፣ ግን ከላይ ሆነው በሚደርሱበት መንገድ ብቻ። ማንም ወደ ውስጥ እንዳይወርድ፣ ቀን ሠራተኛው «ለምጄዋለሁ» ቢልሽም! ጋዙ በትንፋሽ ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል። ሻማ አብርቶ መሞከር የሚሉትንም አትስሚ፤ መርዙን አያሳይም፣ ከዚያም በላይ ሊፈነዳ ይችላል።

በረኪናና ነጭ ጋዝ አትጨምሪበት፣ ዝቃጩን የሚበሉትን ተህዋሲያን ይገድላል። እርሾም አያስፈልገውም። የጠላ አተላና የወጥ ቅባት ግን ጨርሶ አይግባ። ሐምሌና ነሐሴ ልብስ የምታጥቡ ከሆነ በአንድ ቀን አትደርድሩት፤ ተከራዮቹ ጋር ተነጋግራችሁ ቀን ተከፋፈሉ።