ፊቷ የተነፋው ታካሚ

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለአስም ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት የወሰደች ታካሚ ፊቷ ተነፍቷል፣ ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ ግን ከስቷል። መድኃኒቱን ላስቁማት?

መልስ፦ እህታችን፣ ለውጡ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ቢመስልም በፍጹም በድንገት አያስቁሟት! ከ3 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ የራሱን ኮርቲዞል (ለሕይወት አስፈላጊ የሆነ ሆርሞን) ማምረት ይቀንሳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ግፊት ይወርዳል፣ ትውከት ይመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ቀስ በቀስ የሚቀንስላት ሐኪም ነው፤ ዛሬውኑ ይላኳት። በየቀጠሮው ክብደት፣ ደም ግፊትና ስኳር ይለኩ። ጠዋት የምትውጠው ከሆነ ስኳሯ የሚያሻቅበው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጾም ልኬት ብቻ ያታልላል። መድኃኒቱ ቆዳዋን ስለሚያሳሳው ፕላስተር ሲነሣ ይላጣል፤ በፋሻ ይጠቅልሉ። ትኩሳት የለም ብለው አይዘናጉ፤ መድኃኒቱ የኢንፌክሽን ምልክት ይደብቃል። ሳል ከሰነበተባት ቲቢ ትመርመር።