መልስ፦ ስልኩን ብትደብቂበት ጠቡ ይብሳል

እህቴ፣ ባልሽ ከሥራ ከገባ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩ ላይ ጌም እንደሚጫወት፣ ስታናግሪው «አንዴ ቆይ» እንደሚልሽ ጽፈሻል። ስልኩን ልደብቅበት ወይ ላልሽው፣ እኔ አትደብቂ ባይ ነኝ። ጠቡ ከጌሙ ወደ ስልኩ ይዞራል፤ እሱም ተበዳይ ሆኖ ቁጭ ይላል።

መጀመሪያ ጌሙን እወቂው። እንደ ፐብጂ ሞባይል ያሉት ከሌሎች ጋር ኦንላይን የሚጫወቱት ስለሆነ መሃል ላይ ፖዝ አይደረጉም። ጥሎ ቢወጣ ቡድኑ ይጎዳል። ስለዚህ «አሁኑኑ አስቀምጠው» ስትዪው ጆሮ ዳባ ልበስ ቢልሽ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። «ይሄኛው ሲያልቅ ሌላ እንዳትጀምር» ብትዪው ይሻላል። በየቀኑ ለገባ ሽልማት የሚሰጡም አሉ። አንድ ቀን ከዘለለ ይቀርበታል። (ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው!) ኖቲፊኬሽኑን ቢያጠፋው ጉትጎታው ይቀንሳል።

እየተጫወተ ሳለ ግን ወሬውን አታንሺው። ስታነሺውም «ጌምህን ጠላሁት» ሳይሆን የጎደለብሽን ንገሪው፤ ለምሳሌ እራት ላይ ስልክ እንዳይኖር።

ሱስ ነው ወይ ላልሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ሱስ አለ። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም። መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሁሉ ሲቀድም፣ እየተጎዳም ሲቀጥል ነው፤ ያውም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል። ከሥራ እየቀረ ወይም የቤቱን ገንዘብ ጌሙ ውስጥ እየከፈለ ከሆነ ግን ዓመት አትጠብቂ፣ ባለሙያ አማክሩ።