ጭላዳ ዝንጀሮ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ወደ ስሜን ተራሮች ለሚሄዱ ያገር ውስጥ እንግዶች የአማርኛ መግለጫ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ባልደረባዬ «ጭላዳ ዝንጀሮ ብለህ ጻፍ» ይለኛል፤ ሌላው «ጭላዳ ዝንጀሮ አይደለም» ይላል። «ገላዳ» ተብሎ ተጽፎም አይቻለሁ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «ገላዳ» ይሰረዝ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የደረሰው ጀርመናዊ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. እንስሳውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የአገሬውን ስም በላቲን ፊደል ጻፈው። ያ ፊደል ለ«ጭ» የሚሆን የለውም። «ገላዳ» የሚሉት ከዚያ መልሰው የሚያነቡ ናቸው፤ የገዛ ቃላችንን ተበድረን እንደማምጣት ነው። በነገራችን ላይ ጉሬዛም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰው እጅ፣ በአማርኛ ስሙ ነው የተመዘገበው።

ወደ ዋናው ስንመጣ ሁለቱም ባልደረቦችዎ ልክ ናቸው። አማርኛ የሚለየው በመልክና በኑሮ ነው፦ አፈ ረጅሙ፣ በመንጋ መሬት ለመሬት የሚሄደው ዝንጀሮ፤ ትንሹና ባለ ረጅም ጅራቱ ጦጣ። በዚህ መለኪያ ጭላዳ ዝንጀሮ ቢባል ነውር የለውም። በሳይንስ ግን አኑቢስና ሃማድሪያስ የሚባሉት ዝንጀሮዎች የፓፒዮ ወገን ሲሆኑ፣ ጭላዳ የቴሮፒቴከስ ወገን ነው፤ ከዚያ ወገን ዛሬ በሕይወት የቀረውም እሱ ብቻ ነው። የሁለቱ ወገኖች የዘር ሐረግ ከተለያየ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በመግለጫዎ «ጭላዳ» ብቻ ይበሉ። «ዝንጀሮ» ካከሉ አንባቢው የዝንጀሮን ጠባይ ይሰጠዋል፤ ዝንጀሮ ከፍራፍሬ እስከ ጥንቸል ያገኘውን ይበላል፣ የጭላዳ ዋና ቀለብ ግን ሣር ነው፤ በበጋ ሥር ይቆፍራል።

ለመብሉም ግሥ ይምረጡ። «ሣር ይግጣል» አይበሉ። መጋጥ በአፍ ነው፤ የበግና የከብት ነው። ጭላዳ ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በአጭሯ ሌባ ጣቱ ቅጠሉን ይቆነጥጣል፤ ስለዚህ «ይነጫል» ነው የሚባለው። ሣሩ ሲያልቅበትም ሳይነሣ እየተንፏቀቀ ወደፊት ይሄዳል።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ የሚለው ተረት እንግዲህ የጭላዳ አይደለም። እንስት ዝንጀሮ ለግንኙነት ስትዘጋጅ የሚያብጠው መቀመጫዋ ነው። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀመጥ ምልክቱ ደረቱ ላይ፣ ፀጉር በሌለው ቀይ ገላ ላይ ነው፤ የእንስቷ ደረት በጊዜው በጨሌ መሳይ ትናንሽ እብጠቶች ይከበባል። ምልክቱ ወደ ደረት የመጣው በመቀመጡ ነው የሚለው ግምት ብዙ ተቀባይ አለው።

ስለ ስብስባቸውም የአማርኛ ቃል አይቸግርዎትም። አንድ ወንድ ከብዙ እንስቶችና ግልገሎች ጋር ሲሆን «ቤተሰብ»፣ ወንዱን «አውራ» ይበሉት። ብዙ ቤተሰብ አብሮ ሲሰማራ «መንጋ» ነው። እንስት የሌላቸው ወንዶች ለብቻቸው ይውላሉ፤ ከነሱ አንዱ አውራውን አባርሮ ቤተሰቡን ሲወርስ የሚጠቡትን ግልገሎች የሚገድልበት ጊዜ አለ። እነዚህን «ወንደላጤ» ብለው ይጻፉ፤ እንግዶችዎ ይስቃሉ እንጂ አይሳሳቱም።