በጥቁር ዋልካ ጓሮ ጎመን ቢጫ የሚሆነው ለምንድን ነው?

አቃቂ አካባቢ 4 በ10 ሜትር ጓሮ ያላቸው እህታችን «አፈሩ ጥቁር ነው፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ፍግ በደንብ ባለብሰውም ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። አሸዋ ላስመጣ?» ብለው ጠይቀዋል።

እህቴ፣ አሸዋውን ይተዉት። ዋልካን በአሸዋ ለማላላት ቢያንስ ከአፈሩ እኩል አሸዋ ያስፈልጋል። ለእርስዎ ቦታ፣ ለ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ፣ 8 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከዚያ ባነሰ መጠን የተቀላቀለ እንደሆነ ሲደርቅ እንደ ብሎኬት ይጠነክራል። ዋልካ በአብዛኛው የምግብ ድሃ አፈር አይደለም፤ ችግሩ ውሃ ነው። ሲረጥብ አብጦ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ሥር ይታፈናል፣ በፍጉ የገባው ናይትሮጅንም ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። ፍግ መጨመሩ ብቻውን ያላዋጣው ለዚህ ይመስለኛል።

የትኛው ቅጠል ቢጫ እንደሚሆን ቀረብ ብለው ይዩት። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ መነሻውም የታቆረው ውሃ ሊሆን ይችላል። ለጋው የላይኛው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን ብረት አልደረሰውም፤ ይህ የሲሚንቶና የግንባታ ፍርስራሽ በተቀበረበት ጓሮ የተለመደ ነው። ፍርስራሹን ለቅመው ያውጡ፣ አመድና ኖራም አይጨምሩ። ኖራ ለቀይ ኮምጣጣ አፈር እንጂ ለዋልካ አይደለም።

መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች በዋልካ ላይ ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው የሚያወጡት ለዚሁ ነው። በእርስዎ ቦታ ላይ ባለ 4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያላቸው 6 መደቦች ይወጣሉ፤ በመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ይተዉ። ከቦዩ የወጣው አፈር መደቡ ላይ ሲደፋ ቁመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቦዩ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ፤ መውጫው ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይሆን አስቀድመው ይመልከቱ። መደቡ ከተሠራ በኋላ በጭራሽ አይረገጥም፤ እርጥብ ዋልካ አንዴ ከተረገጠ ወቅቱን ሙሉ ተጠቅጥቆ ይቀራል።

የሚቆፈርበት ጊዜ ጠባብ ነው። አፈሩን ጨብጠው በአውራ ጣት ሲገፉት ከተፈረፈረ ዶማ ያንሱ፤ ከተለጠጠ ይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት ላይ ይመቻል። ሰርዶ ካለ ሥሩን እየተከተሉ ያውጡት፤ የተቆረጠችው እያንዳንዷ አንጓ ስለምትበቅል መከታተፍ ያባዛዋል። የነቀሉትን አረም መደቡ ላይ አያቃጥሉ፤ ጓይ (አፈርን ከምሮ ማቃጠል) ለአንድ ሁለት ወቅት ምርት ሰጥቶ አፈሩን የሚያራቁተው ብስባሹን ስለሚያነድ ነው።

ስድስቱንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት መደቡ 5 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት ይፈልጋል፤ ለሁለት መደብ ወደ ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። የኮምፖስት ክምር ሲበስል በግማሽ ስለሚቀንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክምር ለሁለት መደብ ይበቃል። ከሥር የበቆሎ አገዳ ያንጥፉ፣ ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ደረቅ (ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል)፣ 7 ሳንቲ ሜትር እርጥብ (አረም፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ)፣ 3 ሳንቲ ሜትር ፍግ፣ ከላይ እፍኝ አፈር፤ እየደጋገሙ ውሃ ይርጩ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባ፤ ሌላ ተክል እንዳይበቅል ሊያደርግ ይችላል።

መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ይትከሉ። በሳምንቱ ሲመዝዙት ትኩስና እርጥብ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነና ውስጡ አመድ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ከታየ ውሃ ጎድሎታል። የሽንት ዓይነት ሽታ ካመጣ እርጥቡ በዝቷል፤ ጭድ ይጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ታፍኗል፤ ገልብጠው ያናፍሱት። በየሦስት ሳምንቱ ቢገለበጥ በአዲስ አበባ ብርድ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል።

ኮምፖስቱ እስኪደርስ መደቡ ባዶ አይቀመጥ። በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም አጃና ቬች (ለከብት መኖ የሚዘራ የጥራጥሬ ዘር) ቀላቅለው ይዝሩ። አፈሩን ውስጥ ለውስጥ የሚከፍተው የእነዚህ ሥር ነው፤ ዶማ ያን ያህል አይገባም። አጃውንና ቬቹን አበባ ሲያወጡ ከመሬት ልክ ይጨዷቸው፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ፣ ግንዱ ጉዝጓዝ ይሁን። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ኮምፖስቱን ከላይ አልብሰው፣ አፈሩን ሳይገለብጡ፣ ጎመኑን በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ።

ጉዝጓዝ በበጋ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ስንጥቁን የሚከለክለው እሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ቀንድ አውጣ ከሥሩ ስለሚደበቅ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት። ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) በጎመኑ እምብርት ላይ ከታየ በመጀመሪያ በጣት መደምሰስና በውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ፀረ ተባይ ክሽክሹን የሚበላውን ጥንዚዛም ይገድላል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ 2 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት በቂ ነው፤ የተረፈውን ወደ ቀጣዮቹ መደቦች ያዛውሩ። ካሮትን አይቸኩሉበት፤ ጓል ሲያጋጥመው ሥሩ እንደ ሹካ ይከፈላል። ቁጥር 6 ፌሮ ቁራጭ ይያዙና እርጥብ መደብ ላይ በእጅዎ ይጫኑት። ሳይታገልዎት 20 ሳንቲ ሜትር ከገባ፣ በዚያ መደብ ላይ ካሮት ይዝሩ።