የሰርጉ ሲዲ ጨርሶ ሳይበላሽ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ቪዲዮ ሲዲ (ቪሲዲ) እና ዲቪዲ የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ አመጣኋቸው። አብዛኞቹ የሰርግ ናቸው። አይገርምም፤ በ1990ዎቹ የተዳረ ሰው ቤት «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» የተጻፈበት ሲዲ ከቁም ሳጥን አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የእህቴ ሰርግ በ1996 ዓ.ም. በቪሲዲ ነው የተሰጠን። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ያለው ቦታ ላይ ምስሉ አረንጓዴ ካሬ ካሬ ይሆንና ይቆማል። ወደ ላፕቶፕ ልገለብጠው ስል ደግሞ መሃል ላይ ያቋርጣል። አለቀለት ማለት ነው?

አላለቀለትም። አብዛኛው ይተርፋል።

ቪሲዲ ጭረት አይወድም፤ ምክንያትም አለው። ሲዲ ላይ ያለው ዳታ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። ተራ ፋይል ያለበት ሲዲ በአንድ ሴክተር 2048 ባይት ይይዛል። ቪሲዲ ላይ 2324 ባይት ነው። ትርፉ ቦታ የተገኘው የተበላሸ ዳታ ለማረም ከተቀመጠው ኮድ ላይ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ፎቶ ወይም ሰነድ ያለበት ሲዲ የሚቋቋመውን ጭረት ቪሲዲው አይቋቋመውም።

ሌላው ችግር ዊንዶውስ ራሱ ነው። ሲዲው ውስጥ መጨረሻው «ዳት» የሚል አንድ ትልቅ ፋይል ያገኛሉ፤ ቪዲዮው እሱ ነው። ዊንዶውስ ከዚያ ውስጥ ጥቂት ሴክተር ማንበብ ካቃተው ሙሉውን ፋይል ጥሎ ይወጣል። ቪሲዲ ሲጫወት በአንድ ሰከንድ 75 ሴክተር ይነበባል፤ አንድ ሴክተር ማለት የሰከንድ ቅንጣት ነው። ለአንድ ሴክተር ብሎ የአንድ ሰዓት ሰርግ መተው አይገባም ነበር!

የሚያስፈልግዎት የማይነበበውን ዘሎ የሚቀጥል ፕሮግራም ነው። አይሶበስተር ይህን ያደርጋል። ያልተነበበውን ቦታ በዜሮ ሞልቶ ያልፋል፤ እርስዎ ጋ የሚደርሰው ለአፍታ ብልጭ የሚል ምስል ነው። አንዱ ሲዲ ማጫወቻ እምቢ ያለውን ሌላው ሊያነበው ስለሚችል፣ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት የጓደኛ ኮምፒውተርም ላይ ይሞክሩት። የሲዲውን ሙሉ ግልባጭ ካወጡ ደግሞ ፕሮግራሙ ከሚያቀርባቸው የፋይል ዓይነቶች «አይሶ» የሚለውን ትተው «ቢን» እና «ኪው» የሚለውን ይምረጡ። ተራ አይሶ የቪሲዲን ሴክተር በልኩ አይይዝም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነው፤ በጣም ትንሽ። ሰርጉን የቀረጸው ቪዲዮ ቤት ግን በካሴት ነው የቀረጸው፤ ካሴቱ ከሲዲው ይሻላል። ቪዲዮ ቤቱ ካለ፣ ወይም ካሴቱ ለቤተሰቡ ተሰጥቶ ከነበረ፣ መጀመሪያ እሱን ያፈላልጉ። «በኤአይ አጠራልሃለሁ» ለሚል አይቸኩሉ። ያልነበረ ዝርዝር ከራሱ እየጨመረ የአያትዎን ፊት የሌላ ሰው ፊት ሊያደርገው ይችላል።

ጥያቄ፦ የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል ይላሉ። እውነት ነው?

አይንኩት። የጥርስ ሳሙና ራሱ ይፍቃል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ካጠቡ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ዙሪያውን አይጥረጉ፤ ክቡን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ለማንበብ ይበልጥ ይከብዳል።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። የሲዲ ዳታ ግን የሚገኘው ጽሑፍ ካለበት ጎን ሥር፣ ከስስ ቀለም በታች ነው። ሲዲውን ወደ አምፖል አንስተው ይዩት። ብርሃን በነጥብ በነጥብ ካለፈ እዚያ ያለው ሄዷል፤ የሚመልሰው የለም። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፤ ዳታው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ያመጣው ካሜራ ትንንሽ ዲቪዲ ላይ ነበር የሚቀርጸው። የልጄ ክርስትና አለበት። ካሜራው ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ «ባዶ ዲስክ ነው» ይላል።

ባዶ ላይሆን ይችላል። እነዚያ ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ዲስኮች 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይይዛሉ፤ በመደበኛ ጥራት 30 ደቂቃ ያህል። ተቀርጾ ሲያበቃ ካሜራው ላይ «ፋይናላይዝ» የሚል ትእዛዝ መሰጠት ነበረበት። ያ ካልተደረገ ቪዲዮው እዚያው አለ፤ ማውጫው ግን አልተጻፈም።

ኮምፒውተሩ «ዲስኩን ለምን ልትጠቀምበት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምንም ሳይመርጡ ይዝጉት። እሺ ካሉ በላዩ ሊጽፍበት ይችላል። ተመሳሳይ ሞዴል ካሜራ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ካገኙ፣ መጀመሪያ እዚያ ላይ ፋይናላይዝ ለማድረግ ይሞክሩ። ካልተገኘ እዚህም አይሶበስተር ይረዳል። ምን እንዳገኘ በነጻ ስለሚያሳይ፣ ለማውጣቱ ከመክፈልዎ በፊት ልጅዎ መኖሩን ያያሉ።

ደግሞ እባክዎ፣ ትንሹን ዲስክ በጠባብ ቀዳዳ ስቦ በሚያስገባ ማጫወቻ ውስጥ እንዳይከቱት። ገብቶ ይቀራል። ትሪው የሚወጣና መሃሉ ላይ ጠቅ አድርጎ የሚይዝ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከአዲስ አበባ የተላከልኝ የእናቴ 60ኛ ዓመት ዲቪዲ እዚህ ቲቪ ላይ ምስሉ ይንሸራተታል።

ዲቪዲው ደህና ነው። የቲቪ ምስል አሠራር ከአገር አገር ይለያያል፤ ኢትዮጵያ ፓል የሚባለውን ነው የምትጠቀመው፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን። ኮምፒውተር ለዚህ ግድ የለውም፤ ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ይክፈቱት። ወደ ኤምፒ4 የቪዲዮ ፋይል ሲቀይሩ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) የሚለውን እንዳለ ይተዉት፤ ወደ 30 ከቀየሩት እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ ዲቪዲውን ከፍቼ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ቲቪው አያነብም። በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ መላክም እፈልጋለሁ።

መገልበጡን ጥሩ አድርገዋል፤ ያንን ግልባጭ አያጥፉት። «ቪኦቢ» የሚሉት ፋይሎች እየተቆራረጡ የተቀመጡ አንድ ቪዲዮ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ1 ጊጋባይት አይበልጥም። ሃንድብሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ አንዱን ፋይል ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ፎልደር ይክፈቱ። ኤምፒ4፣ ኤች 264 ይምረጡ፤ አሮጌ ቲቪም ያነበዋል። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መስመር ከታየ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ያብሩ።

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ነጻው ቴሌግራም ደግሞ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ነው የሚፈቅደው። ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው ይላኩ፤ አለዚያ እንደገና ይጨምቀውና ጥራቱ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ለፎቶ ቤት ብሰጠውስ?

ይስጡ፤ ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከኤምፒ4ው ጋር የዲስኩን ሙሉ ግልባጭም ይስጡዎት። ሁለተኛ፣ ዲስኩን ራሱን ይመልሱልዎ። ፍላሹን ሲቀበሉ መጀመሪያውን ብቻ አይተው አይውጡ፤ መሃሉንና መጨረሻውን እዚያው ከፍተው ይዩ፣ ድምፁ ከአፍ ጋር መሄዱንም ያዳምጡ።