ያልታየ ሁሉ የለም ማለት አይደለም፦ የካንሰርን ጂን ለምታነቡ ወጣቶች

ጅማ ውስጥ ዕድሜዬን በማይክሮስኮፕ ላይ ያሳለፍኩ ፓቶሎጂስት ነኝ። በእኛ ጊዜ ጥያቄው አጭር ነበር። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? ከሆነ የምን ካንሰር ነው? እናንተን ግን ሌላ ጥያቄ ይጠብቃችኋል። ዕጢው ውስጥ የተለወጠው ጂን የቱ ነው? ለውጡ ለታማሚዋ ሕክምና ምን ይፈይዳል? ይህን የምጽፈው ለሬዚደንቶች፣ ለላብራቶሪ ልጆች፣ ለባዮሎጂ ተመራቂዎች፣ ኮምፒውተር ለሚወዱትም ነው። ሥራው ሁላችሁንም ይፈልጋል።

ጂን የሚያነበው ማሽን ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል። ውጤቱን የሚተረጉም ሰው ግን በአንድ ቀን አይገኝም። ማሽን የሚሰጣችሁ የለውጦች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም ረጅም ነው። አብዛኛው ምንም አያደርግም። የትኛው ዕጢውን እንደሚያሳድግ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያመላክት፣ የትኛው ደግሞ አብሮን ተወልዶ ያለምንም ጉዳት እንደሚኖር የሚለየው ጽሑፍ አገላብጦ ማስረጃ የሚመዝን ሰው ነው።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ብራፍ የሚባል ጂን አለ። በእሱ ላይ ከሚታዩት ለውጦች አንዱ ቪ600ኢ ነው፤ ጂኑ በሚሠራው ፕሮቲን 600ኛ ቦታ ላይ የነበረው ቫሊን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ግሉታሚክ አሲድ በሚባል ሌላ ተተክቷል ማለት ነው። ይህ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲገለጽ ቪ599ኢ ተብሎ ነበር። የተቆጠረበት ማጣቀሻ ስህተት ስለነበረበት ቁጥሩ በኋላ ተስተካከለ። የቆየ ጽሑፍ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ፤ አለዚያ ግማሹ ያመልጣችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ቬሙራፌኒብ የተባለ፣ ብራፍን የሚዘጋ መድኃኒት ይህ ለውጥ ላለበት ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከወሰዱት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ዕጢያቸው በደንብ ቀነሰ። ታዲያ ያው ለውጥ የአንጀት ካንሰር ላይ ቢገኝ ያው መድኃኒት ይሠራል? ተማሪዎቼን ስጠይቅ ብዙዎቹ አዎ ይላሉ። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ከ21 ታማሚዎች ዕጢው በሚገባ የቀነሰለት አንድ ሰው ብቻ ነው። የአንጀት ካንሰር ሴል ብራፍ ሲዘጋበት ኢጂኤፍአር በሚባለው ሌላ በር ይወጣል። ሁለቱም በሮች አብረው ሲዘጉ ነው ውጤት የታየው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብራፍን የሚዘጋው ኤንኮራፌኒብ ኢጂኤፍአርን ከሚዘጋው ሴቱክሲማብ ጋር ለዚሁ የአንጀት ካንሰር የተፈቀደውም በዚህ ምክንያት ነው። ጂኑ አንድ ነው፣ ለውጡም አንድ ነው፤ መልሱ ግን እንደ በሽታው ይለያያል።

የእኛ አገር ሜላኖማ ደግሞ በብዛት የሚወጣው እግር መርገጫ ላይ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ ላይ የብራፍ ለውጥ ፀሐይ ባገኘው ነጭ ቆዳ ላይ ከሚታየው በጣም ያነሰ ነው። «ሜላኖማ ካለ ግማሹ ብራፍ አለው» የሚለውን ከመጽሐፍ ገልብጦ ለጅማ ታማሚ መንገር ልክ አይደለም። ስለ አንድ ለውጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት በየትኛው በሽታ፣ በየትኛው መድኃኒት፣ በእነማን ላይ እንደታየ እወቁ። ይህን ሳታውቁ የጂኑን ስም ብቻ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ አትሂዱ።

ማስረጃውም ሁሉ እኩል አይደለም። ሽማግሌ ፊት ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር እኩል አይቆጠሩም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ሴል ላይ በብልቃጥ ውስጥ የታየ፣ በአንድ ታማሚ ላይ የታየ፣ በብዙ ታማሚዎች ላይ በሥርዓት የተፈተነ እያልን እንለያለን። ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተነሳው ሲቪክ የተባለው ክፍት የመረጃ ቋት ይህንኑ ከኤ እስከ ኢ በአምስት ደረጃ ያስቀምጠዋል። ደስ የሚለኝ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ማስረጃ ማስገባት መቻሉ ነው። ያስገባችሁትን ሌላ አርታኢ ሳያየው አይጸድቅም። ጅማ ቁጭ ብላችሁ፣ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ፣ መላው ዓለም የሚጠቀምበትን መረጃ መሥራት ትችላላችሁ። መድኃኒቱ አልሠራም የሚለውን ጽሑፍም አስገቡ። ሰው ሁሉ የሠራውን መመዝገብ ይቸኩላል፤ ታማሚን ከከንቱ ወጪና ከጎንዮሽ ጉዳት የሚያድነው ግን ብዙ ጊዜ ያልሠራው ነው።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ነገር ልምጣ። አንዲት እናት ከአጋሮ ልጇን አስከትላ መጣች። ለጡት ካንሰር ታክማለች። ናሙናዋ ውጭ ተልኮ ውጤቱ በስልኳ በፎቶ ደርሷታል። ብራካ-2 በሚባለው፣ ሲበላሽ ለጡት ካንሰር በሚያጋልጠው ጂን ላይ ለውጥ ተገኝቷል ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ትርጉሙ ያልታወቀ» የሚል አለ። እሷ ያየችው ላይኛውን መስመር ነው። «ዶክተር፣ ልጄም አለባት ማለት ነው?» አለችኝ። «እናቴ፣ ይህ ወረቀት ስለ ልጅዎ ክፉም ደግም አላወራም። የእሷን ክትትል የምንወስነው በቤተሰባችሁ የሕመም ታሪክ ነው» አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብለን እህቶቿን፣ አክስቶቿን፣ የአባቷን ወገን አንድ በአንድ ቆጠርን። ጊዜ ወሰደ። በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አላሳጠርኩትም።

ለምን ትርጉሙ ሳይታወቅ ቀረ? በዘር የሚተላለፉ ለውጦች እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአሜሪካ መመሪያ በአምስት ይመደባሉ፤ በሽታ አምጪ ከሚለው እስከ ጉዳት የሌለው። ያልታወቀው መሃል ላይ ነው። ለመመደብ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ለውጡ በሕዝብ ውስጥ ምን ያህል ይገኛል የሚለው ነው። ከመቶ የጂኑ ቅጂዎች ከአምስት በሚበልጡት ላይ ከተገኘ ብርቱ በሽታ ያመጣል ማለት ይከብዳል። ከሌለ ወይም እጅግ ብርቅ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ይህን የምናይበት ኖማድ የተባለው ትልቅ ቋት ከ800 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዟል። አብዛኞቹ ግን የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ ነው። የሰው ልጅ የዘረመል ብዝኃነት ከሁሉ የሚሰፋው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ የእኛ ሰው እዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የአጋሮዋ እናት ለውጥ ቋቱ ውስጥ ባይገኝ ብርቅ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ጎረቤቷም፣ የጎረቤቷ አያትም ይኖርባቸዋል፤ ጤነኛ ሆነው። ማንም አልመረመራቸውም። ይህ ሥጋት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት በልብ ጡንቻ በሽታ ላይ ይህንኑ አሳይቷል። የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ታማሚዎች በሽታ አምጪ ነው የተባሉ ለውጦች ኋላ ላይ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ቀድሞ በተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን እንኳ ተካተው ቢሆን ስህተቱ ሊቀር ይችል ነበር።

ይህን ክፍተት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከድሮም ወደ ማኅበረሰቡ ወጥቶ መማር ልማዱ ነው። በዚያው እግር ሂዱ። ናሙና የምትጠይቁት ጤነኛ ሰው ለምን እንደጠየቃችሁት በራሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በካፊኛ፣ ገብቶት ይፍቀድ። ካልፈቀደ አመስግናችሁ ውጡ።

ስለ ናሙና ካነሳሁ አይቀር፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበትን ፈሳሽ፣ ፎርማሊንን፣ አትናቁ። ከወረዳ ሆስፒታል ሥጋው በፌስታል ተጠቅልሎ በቤተሰብ እጅ በአውቶቡስ ይመጣል። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የተቀዳበት ቀንም ሰዓትም የለም። ለጡት ናሙና የሚመከረው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ነው። ሳምንታት ከከረመ ዲኤንኤው ይጎዳል፤ ሲ የነበረው የዲኤንኤ ፊደል ቲ ሆኖ ይነበባል። ዕጢው ውስጥ ያልነበረ ለውጥ ሪፖርት ላይ ይወጣል ማለት ነው። ይህን የሚያስቀረው ውድ ማሽን አይደለም። ነርሷ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን እንድትጽፍ በትሕትና መጠየቅ ይበቃል።

ሪፖርት ስትጽፉ ደግሞ ከታች ቀኑን፣ የትኛውን ቋት በየትኛው እትሙ እንዳያችሁ አስፍሩ። ዛሬ ያልታወቀው ነገ ይታወቅ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜም ጉዳት የሌለው ወደሚለው ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ ታማሚዋ መስማት አለባት። የእሷን ስልክ ብቻ አትያዙ፤ ቁጥር ይቀየራል። የልጇን ወይም የወንድሟን ቁጥርም ጨምሩ፤ የቀበሌዋንም ስም ጻፉ። ቀድሞ የወጡ ሪፖርቶችን በየዓመቱ መልሶ የሚያይ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ምረጡ፤ ስሙም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።